ታሪኩን ያውቁታል፣ ነጥቡን ግን አያገኙም፦ የብሪታንያ ታሪክ ፈተናን ደረጃ በደረጃ መለማመጃ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለንደን ውስጥ የሐበሻ ልጆችን ታሪክ አስጠናለሁ። በቅርቡ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ስለ ኮሌራ ወረርሽኝ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ መጣች። ዓመቱ ልክ፣ ስሙ ልክ፣ የጎዳናው ስም ሳይቀር ልክ። ከ12 ያገኘችው 4 ነው። "ሁሉንም እኮ ጽፌያለሁ!" አለችኝ እንባ እየተናነቃት። እውነቷን ነው፣ ሁሉንም ጽፋለች። የተጠየቀችው ግን "ለምን" ነበር። እሷ የመለሰችው "ምን ሆነ" የሚለውን ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት እንደሷ ለደከሙ ልጆች ነው። እንግሊዝ አገር የጂሲኤስኢ (በ16 ዓመት ገደማ የሚወሰደው የሁለተኛ ደረጃ ፈተና) ታሪክ ለምትወስዱ፣ በተለይ ከሀገር ቤት በቅርብ መጥታችሁ ሽምደዳ ለለመዳችሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. የፈተና ቦርዳችሁን እወቁ። ፈተናውን የሚያወጣው አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም። ኤኪውኤ አለ፣ ኤድኤክሴል አለ፣ ኦሲአር አለ፣ ኤዱካስ አለ። የጥያቄው አቀራረብም የነጥብ አሰጣጡም ይለያያል። መምህራችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቦርዳችን የትኛው ነው? የምንፈተንባቸው ርዕሶች የትኞቹ ናቸው? መልሱን ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉት። አንዱ ትምህርት ቤት የኖርማኖችን ዘመን ሲያስተምር፣ አጠገቡ ያለው የቀዳማዊት ኤልሳቤጥን ዘመን ሊያስተምር ይችላል። ሁለት ወር ሙሉ የማይፈተንበትን ርዕስ በዩቲዩብ ሲያጠና የከረመ ልጅ አይቻለሁ።

2. ያለፉ ፈተናዎችን ከቦርዱ ድረ ገጽ አውርዱ። በነጻ ነው። ከየዓመቱ ሦስት ፋይል ያስፈልጋችኋል፦ የጥያቄው ወረቀት፣ ምንጮቹ (ከዘመኑ የመጡ ጽሑፎችና ሥዕሎች) ያሉበት ወረቀት፣ እና ማርክ ስኪም የሚባለው የነጥብ አሰጣጥ መመሪያ። ሦስቱም የአንድ ዓመት መሆናቸውን አረጋግጡ። የአራሚዎች ሪፖርት ካገኛችሁም አትለፉት። ተማሪዎች በብዛት የት እንደወደቁ ጥያቄ በጥያቄ ይናገራል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቅርቡ ዓመት ፈተና ለተወሰነ ጊዜ ለመምህራን ብቻ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከጓደኛ ለማግኘት አትሞክሩ። ትምህርት ቤታችሁ ለሞክ (ለመለማመጃ) ፈተና ሊጠቀምበት ይችላል፤ ቀድማችሁ ካያችሁት የት እንዳላችሁ የምትለኩበት ብቸኛ ዕድል ይበላሻል።

3. ዕቃ አዘጋጁ። አንድ ደብተር፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ ትናንሽ ካርዶች እና ሰዓት ቆጣሪ። ስልካችሁን ለሰዓት ቆጣሪነት ከተጠቀማችሁ መጀመሪያ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት።

4. ምን እንደሚለካ እወቁ። በጂሲኤስኢ ታሪክ አራት ችሎታዎች ይለካሉ። እውቀት 35 በመቶ ይይዛል። ማስረዳት፣ ማለትም ምክንያትና ውጤት፣ ለውጥና ቀጣይነት፣ ሌላ 35 በመቶ። ምንጭ መመርመር 15፣ የኋላ ሰዎችን አተረጓጎም መመዘን 15። ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት። በሽምደዳ ብቻ የሚገኘው ከመቶው 35ቱ ነው።

5. ሰዓቱን በነጥብ አካፍሉ። የኤኪውኤ አንዱ ወረቀት 2 ሰዓት ነው፣ 84 ነጥብ አለው። 120 ደቂቃን ለ84 ስታካፍሉ ለአንድ ነጥብ ወደ 1.4 ደቂቃ ይደርሳችኋል። ስለዚህ ባለ 8 ነጥብ ጥያቄ ከ11 ደቂቃ በላይ ሊወስድባችሁ አይገባም። የሌላ ቦርድ ከሆናችሁ ሒሳቡን ከወረቀቱ ሽፋን ላይ ወስዳችሁ በራሳችሁ ሥሩት።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ፍቱት

በመጀመሪያው ሳምንት አንድም መልስ አትጻፉ። ጥያቄ ብቻ ፍቱ። በቀን አምስት ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ።

1. የትእዛዙን ቃል ክበቡት። "ኤክስፕሌይን ዋይ" ካለ ምክንያት ይፈልጋል። "ሀው ዩዝፉል" ካለ ምንጩ ለአንድ ጥናት ምን ያህል ይጠቅማል ማለት ነው። "ሀው ፋር ዱ ዩ አግሪ" ካለ ሁለቱንም ወገን መዝናችሁ ፍርድ እንድትሰጡ ነው። "ዲስክራይብ" ሲል ብቻ ነው ታሪኩን መግለጽ የሚበቃው።

2. ርዕሱን አስምሩበት። "የሕዝብ ጤና" እና "ቀዶ ሕክምና" የተለያዩ ናቸው። ሁለቱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተለውጠዋል፣ ብዙ ልጆችም እዚህ ጋ ይደባልቃሉ።

3. ዓመቱን በሳጥን ውስጥ አስገቡት። ከሳጥኑ ውጪ ያለ ነገር ነጥብ አያመጣም።

ዓመት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው "19ኛው ክፍለ ዘመን" የሚለው ነው። እሱ 1800ዎቹ ነው። 1900ዎቹ አይደለም። ሁለተኛው የኛ ልጆች ብቻ የሚወድቁበት ነው። አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት በኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው፣ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 13 ቀን 1868። ሀገር ቤት የተማራችሁትን ማንኛውንም ዓመት ከመጻፋችሁ በፊት በየትኛው አቆጣጠር እንደያዛችሁት አረጋግጡ። በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የተሳሳተ ዓመት ክርክሩን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ካልሆነላችሁ፦ ጥያቄውን በአማርኛ ለራሳችሁ ንገሩት። "ምንድን ነው የሚለኝ?" ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። በአማርኛ ማለት ካልቻላችሁ ጥያቄው አልገባችሁም። ወደ መልሱ አትሂዱ።

ደረጃ 2፦ ካርድ ሥሩ፣ ግን "ታዲያ ምን ይሁን?" የሚል መስመር ጨምሩበት

ብዙ ልጆች ካርዳቸው ላይ ዓመትና ስም ብቻ ይጽፋሉ። እንደዚያ ያለ ካርድ የሚያገለግለው ለግማሹ ሥራ ነው። በእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ ሦስት መስመር ይኑር፦ ምን ሆነ፣ ቁጥር ወይም ስም ያለው ማስረጃ፣ እና "ታዲያ ምን ይሁን?"

አንድ ካርድ ላሳያችሁ። ፊቱ ላይ "የ1833 የፋብሪካ ሕግ" ይላል። ጀርባው እንዲህ ነው፦

ምን ሆነ፦ ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይሠሩ ተከለከለ።
ማስረጃ፦ ከ9 እስከ 12 ዓመት ያሉት በሳምንት ቢበዛ 48 ሰዓት። ለመላው አገር የተሾሙት ተቆጣጣሪዎች 4 ብቻ።
ታዲያ ምን ይሁን፦ መንግሥት በፋብሪካ ባለቤትና በሠራተኛ መካከል መግባት ጀመረ። በ4 ሰው ግን ሕጉን በየፋብሪካው ማስከበር አይቻልም።

ሦስተኛዋ መስመር ናት ነጥብ የምታመጣው። በራሳችሁ ቃል ጻፏት። ከመጽሐፍ ከገለበጣችኋት ፈተናው ላይ ትጠፋባችኋለች።

ለአንድ ርዕስ ከ30 እስከ 40 ካርድ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ መጽሐፉን እየገለበጣችሁ ነው።

ደረጃ 3፦ ምንጭ መመርመር

ልጆች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆያለን።

ለመለማመጃ የምወደው ቀን ሚያዝያ 10 ቀን 1848 ነው። ቻርቲስቶች የሚባሉት ሠራተኞች ደቡብ ለንደን ኬኒንግተን ኮመን ላይ ተሰበሰቡ። ጥያቄያቸው ድምፅ የመስጠት መብት ነበር። መንግሥት በጣም ፈርቶ ስለነበር ንግሥት ቪክቶሪያ ቀድማ ከለንደን ወጥታ ወደ ዋይት ደሴት ሄዳለች። ናፖሊዮንን ዋተርሉ ላይ ያሸነፈው ጄኔራል ዌሊንግተን የከተማዋን መከላከያ አደራጀ። ስብሰባው ግን በሰላም ተበተነ፣ ጥያቄውን ለመደገፍ የተሰበሰበው ፊርማም በጋሪ ተጭኖ ወደ ፓርላማ ሄደ።

አሁን ሥራው ይጀምራል።

1. መጀመሪያ ከምንጩ በታች ወይም በላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ማን አዘጋጀው? መቼ? ለማን? ለምን? የቻርቲስቶቹ መሪ ፊርገስ ኦኮነር ፊርማው 5.7 ሚሊዮን ነው ብሎ ለፓርላማ ተናገረ። የፓርላማው ኮሚቴ ግን ቆጥሬ ያገኘሁት 1,975,496 ነው አለ። ከዚያ ውስጥም "ቪክቶሪያ ሬክስ" (ሬክስ በላቲን ንጉሥ ማለት ነው) የሚል፣ የዌሊንግተንን ስም የያዘ፣ "ጠፍጣፋ አፍንጫ" ተብሎ የተፈረመ ሳይቀር አለበት ብሎ አሳወቀ።

2. ከምንጩ ውስጥ ሁለት ነገር ምረጡ። ሁለት ብቻ። ሁሉንም ለመግለጽ የሚሞክር ልጅ ሰዓቱ ያልቅበታል።

3. የምታውቁትን ከምንጩ ጎን አስቀምጡ። ምንጩ የሚለው ከምታውቁት ጋር ይስማማል? ይጋጫል?

4. "ለዚህ ጥያቄ ይጠቅማል ወይ?" በሉ። አንድ ምንጭ ለአንዱ ጥያቄ ወርቅ ሆኖ ለሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል።

እስቲ እንሞክረው። ጥያቄው "የኮሚቴው ቁጥር ስለ ቻርቲስቶች ድጋፍ ለሚያጠና ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?" ይበል። አብዛኛው ልጅ እንዲህ ይጽፋል፦ "ኮሚቴው የመንግሥት ስለሆነ ወገንተኛ ነው። ስለዚህ አይጠቅምም።" ይህ መልስ ከታችኛው ሌቭል (የማርክ ስኪሙ የነጥብ እርከን) አይወጣም። ወገንተኛ ያልሆነ ምንጭ የለም። ወገንተኝነቱ ራሱ ምን እንደሚነግረን ነው መናገር ያለባችሁ።

አሁን እርሳስ አንሱ። ኮሚቴው ለቆጠራው ያሰማራቸው 13 ጸሐፊዎች ነበሩ፤ የሠሩትም 17 ሰዓት ያህል ነው። 13 ሲባዛ በ17፣ ሲባዛ በ60 ደቂቃ 13,260 ይሆናል። 1,975,496ን ለዚያ አካፍሉት። አንድ ጸሐፊ በየደቂቃው 149 ስም መቁጠር ነበረበት ማለት ነው። እረፍት ሳይወስድ! ኦኮነር ራሱም ይህ ሊሆን አይችልም ብሎ ተቃውሟል። ይህን ሒሳብ ልጆቹ ጋ በሠራሁ ቁጥር ክፍሉ ጸጥ ይላል። "መንግሥት የቆጠረው ነው" የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አይከብዳቸውም።

እንግዲህ የተሻለው መልስ ይህን ይመስላል፦ "ቁጥሩ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ተቃዋሚዎቹ እንኳ ወደ 2 ሚሊዮን ፊርማ መኖሩን ማመናቸውን ያሳያል። ድጋፉ ሰፊ ነበር ማለት ነው። ትክክለኛ ቆጠራ አድርጎ መውሰድ ግን ያስቸግራል፣ 13 ጸሐፊዎች በ17 ሰዓት ይህን ያህል ስም አንድ በአንድ ቆጥረዋል ማለት ይከብዳል። የሐሰት ስሞቹን አጉልቶ ማቅረቡም ፓርላማው እንቅስቃሴውን ለማሳነስ መፈለጉን ይጠቁማል፤ ይህ ራሱ ስለ መንግሥት ፍርሃት ለሚያጠና ሰው ጥሩ ማስረጃ ነው።"

ልዩነቱ ይታያችኋል? ስለ ጥቅሙ ተናገረ፣ ስለ ገደቡ ተናገረ፣ ሁለቱንም በማስረጃ አሰረ።

ከዚያ በፎቶ ሞክሩት። የዚያን ቀን ስብሰባ ዊልያም ኪልበርን የሚባል ሰው ፎቶ አንስቶታል። ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። አምስት ደቂቃ ብቻ እዩት። ባርኔጣ ያደረገ ብዙ ሕዝብ፣ ከኋላ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ። አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉና በአንዱ በኩል "ይህ ፎቶ ምን ያሳየኛል?" በሌላው "ምን ሊያሳየኝ አይችልም?" ብላችሁ ሙሉት። ፎቶ አይዋሽም የሚል ልጅ ሁልጊዜ አይጠፋም። ፎቶው የአንድ ቅጽበት ነው፣ ከአንድ አቅጣጫ ነው፣ ሰው ለመቁጠርም አያስችልም። መንግሥት የመጣው 15 ሺህ ሰው ነው ሲል ኦኮነር በመቶ ሺዎች ቆጥሮታል፤ ፎቶው ይህን ክርክር አይፈታውም።

ካልሆነላችሁ፦ ምንጩ ውስጥ የማታውቁት የድሮ እንግሊዝኛ ቃል ካለ አትደንግጡ። በተለምዶ ከሥሩ ማብራሪያ ይኖራል። ከሌለም ዝለሉት፤ ከምታውቁት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ነጥቦች ምረጡ። ሙሉ ምንጩን መረዳት ግዴታ አይደለም።

ደረጃ 4፦ "ለምን" የሚለውን መመለስ

መግቢያ ላይ ወደጠቀስኳት ልጅ እንመለስ። ጥያቄዋ የጆን ስኖው ግኝት ወዲያው ትልቅ ለውጥ ያላመጣው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። የጻፈችው ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፦

"በ1854 ሶሆ ውስጥ ኮሌራ ገባ። ጆን ስኖው ሐኪም ነበር። ሰው የሞተባቸውን ቤቶች ካርታ ላይ በጥቁር መስመር አሰፈረ። ከዚያ ብሮድ ስትሪት ያለው የውሃ ፓምፕ መሆኑን አወቀ። ከዚያ እጀታው ተነሳ። ከዚያ በሽታው ቆመ።"

"ከዚያ"ዎቹን ቁጠሩ። "ከዚያ" የተረት ማያያዣ ነው። መጨረሻው ደግሞ ስህተትም አለበት። እጀታው የተነሳው መስከረም 8 ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ከሰፈሩ እየሸሸ ሟቹም እየቀነሰ ነበር። ስኖው ራሱ ይህን አምኗል።

አንድ አንቀጽ በአራት ደረጃ ሥሩ፦

1. ምክንያቱን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።
2. ስም፣ ቁጥር ወይም ዓመት ያለው ማስረጃ ስጡ።
3. ማስረጃው እንዴት ወደዚያ ውጤት እንዳመራ አስረዱ። እዚህ ጋ "ዚስ ሜንት ዛት" ወይም "አዝ ኤ ሪዘልት" የሚል ሐረግ የግድ ይግባ።
4. የጥያቄውን ቃል ደግማችሁ በመጠቀም ዝጉት።

ተስተካክሎ ሲጻፍ እንዲህ ሆነ፦ "የስኖው ግኝት ወዲያው ያልተያዘበት አንዱ ምክንያት አብዛኞቹ ሐኪሞችና ባለሥልጣናት በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብለው ማመናቸው ነው። ስኖው ሃምፕስቴድ ርቃ የምትኖር አንዲት ባልቴት የብሮድ ስትሪትን ውሃ እያስመጣች ጠጥታ መሞቷን ሳይቀር አሳይቷል። ነገር ግን ውሃው ውስጥ ገዳዩ ምን እንደሆነ ማሳየት አልቻለም፤ በሽታ የሚመጣው ከጥቃቅን ሕያዋን ነው የሚለው የሳይንቲስቱ የፓስተር የጀርም ቲዎሪ የታተመው በ1861 ነው። በዚህ ምክንያት ባለሥልጣናቱ እጀታውን ለጊዜው ቢያነሱም የከተማዋን ውሃና ፍሳሽ እንዲቀይሩ የሚያስገድዳቸው ማረጋገጫ አልታያቸውም። ለውጡ የዘገየው ስለዚህ ነው።"

ሁለተኛው አንቀጽ ስለ ገንዘብና ስለ መንግሥት ይሁን። የ1848ቱ የሕዝብ ጤና ሕግ አብዛኞቹን ከተሞች አላስገደደም፣ አስገዳጅ የሆነው የ1875ቱ ነው። ከፍ ያለ ነጥብ የሚፈልግ ልጅ ሁለቱን ምክንያቶች ያገናኛል። በ1858 ቴምዝ ወንዝ ሽታው ፓርላማ ድረስ ሲገባ ነው ለመሐንዲሱ ባዛልጌት የፍሳሽ መስመር ገንዘብ የተፈቀደው። እንግዲህ ፓርላማውን ያንቀሳቀሰው ሽታው ነው፤ የስኖው ካርታ አይደለም። በሽታ ከሽታ ይመጣል የሚለው የተሳሳተ እምነት ትክክለኛውን ሥራ አሠራ። እንዲህ ያለ ግንኙነት የሚያይ መልስ አራሚውን ያነቃዋል።

ካልሆነላችሁ፦ ጽፋችሁ ስትጨርሱ በቀይ "ዜን" የሚለውን ቃል ሁሉ ክበቡ። ከሁለት በላይ ካገኛችሁ ተረት እየነገራችሁ ነው። አንዱን ሰርዙና "ቢኮዝ" አስገቡበት። ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ከሰጠ ተስተካክሏል። ካልሰጠ ማስረጃው ለጥያቄው አይሆንም፣ ሌላ ካርድ ፈልጉ።

ደረጃ 5፦ ትልቁ ድርሰት

በአንዳንድ ቦርዶች ያለው ባለ 16 ነጥቡ ጥያቄ አንድ አስተያየት ሰጥቶ ምን ያህል እንደምትስማሙ ይጠይቃል። ምሳሌ፦ "ለድምፅ መብት ትልቁ መዞሪያ የ1832ቱ የማሻሻያ ሕግ ነው።"

1. አምስት ደቂቃ ዕቅድ አውጡ። ብዙ ልጅ ይህን እንደ ብክነት ያየዋል። ሰዓት የሚበላው ግን ያለ ዕቅድ መጻፍ ነው።

2. የሚደግፈውን ዘርዝሩ። ከ1832 በፊት ኦልድ ሳረም የሚባል ሰው አልባ ለመሆን የቀረበ ጉብታ ሁለት የፓርላማ አባላት ሲልክ፣ ማንቸስተር የሚያህል የፋብሪካ ከተማ የራሱ ተወካይ አልነበረውም። ሕጉ ይህን ቀየረ።

3. የሚቃወመውን ዘርዝሩ። ከሕጉ በኋላም አብዛኛው ሠራተኛ ድምፅ አልነበረውም፤ ቻርቲስቶቹ የተነሱትም ለዚህ ነው። ሕጉ መራጩ "ወንድ" መሆን አለበት ብሎ በግልጽ በመጻፉ ሴቶችን በሕግ አገለለ። ምስጢራዊ ድምፅ የመጣው በ1872 ነው። ዕድሜያቸው 30 የሞላ፣ የንብረት መስፈርቱን ያሟሉ ሴቶች በ1918 አገኙ። ከወንዶች እኩል የሆኑት በ1928 ነው።

4. የመለኪያችሁን ሚዛን ምረጡ። ፍርድ የሚሰጠው በሚዛን ነው። "መዞሪያ" ስትሉ ስንት ሰው መብት እንዳገኘ ነው የምትለኩት? ወይስ በር መከፈቱን? በቁጥር ከለካችሁ 1918 ያሸንፋል። ሥርዓቱ ሊለወጥ እንደሚችል ማን አሳየ ካላችሁ ግን 1832 ይመጣል። ሁለቱም መልስ ሙሉ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል። ነጥብ የማያመጣው "ሁለቱም እኩል አስፈላጊ ናቸው" ብሎ መሸሽ ነው።

5. ፍርዳችሁን ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምራችሁ ያዙ። መጨረሻ ላይ ድንገት አቋም የሚቀይር ድርሰት አቅጣጫ የጠፋበት ይመስላል።

በዚህ ጥያቄ ላይ ለፊደልና ለሰዋስው ተጨማሪ 4 ነጥብ አለ። መጨረሻ ላይ ሁለት ደቂቃ አስቀሩና የሰዎችና የቦታ ስሞች በትልቅ ፊደል መጀመራቸውን፣ የዓረፍተ ነገሮቻችሁንም መጨረሻ ተመልከቱ። የአማርኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የኛ ልጆች ይህን በቀላሉ ይረሱታል።

ደረጃ 6፦ ሁለት አተረጓጎም ማወዳደር

ምንጭ የሚባለው ከዘመኑ የመጣ ነው። አተረጓጎም የሚባለው በኋላ የመጣ ሰው ስለዚያ ዘመን የሰጠው ሐሳብ ነው። ሁለቱን አትደባልቁ።

ለመለማመጃ ከቤታችሁ የምታውቁትን ተጠቀሙ። መቅደላን። 13 ሺህ ያህል ወታደር ያለው የጄኔራል ናፒየር ጦር ታስረው የነበሩ አውሮፓውያንን ለማስፈታት መጣ። ድሉን ተከትሎ መጻሕፍትና መስቀሎች ተዘረፉ። የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ተወስዶ በ1879 ሊድስ ውስጥ አረፈ፣ የተቀበረው ዊንዘር ነው። አንዱ ጸሐፊ ይህን ሁሉ "እስረኛ የማስለቀቅ ዘመቻ" ብሎ ይጽፈዋል። ሌላው "ወረራና ዝርፊያ" ይለዋል።

ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ መልሱ። እያንዳንዳቸው ምን ላይ አተኮሩ? ምን ተዉ? ለምን ተለያዩ፣ የማስረጃ ልዩነት ነው ወይስ የጠየቁት ጥያቄ ሌላ ነው?

ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ ጋ ልብ ያደላል። የኔም ያደላል። ለእንግሊዙ ጸሐፊ የምታቀርቡትን ጥያቄ ለኛውም ጸሐፊ እኩል አቅርቡ። ሚዛኑ አንድ ካልሆነ ልምምዱ አይጠቅምም። ደግሞም ይህ ለመለማመጃ ነው፤ ከርዕሶቻችሁ ውስጥ ከሌለ ፈተና ላይ አትጻፉት።

ደረጃ 7፦ ራሳችሁን አርሙ

1. ከጻፋችሁ በኋላ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ወዲያው ስታነቡት በጭንቅላታችሁ ያለውን ነው የምታነቡት። ወረቀቱ ላይ ያለው የሚታያችሁ በማግስቱ ነው።

2. ማርክ ስኪሙን ክፈቱ። ከታችኛው ሌቭል ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። "ይህን አሟልቻለሁ?" በሉ። አዎ ካላችሁ ወደሚቀጥለው። አይ ካላችሁ እዚያ ቁሙ።

3. በአንደኛው ቀለም እውቀት ያለበትን ሁሉ አስምሩ። በሌላኛው ማስረዳት ያለበትን። ገጹ በአንድ ቀለም ከተሞላ ችግራችሁ በዓይናችሁ ታየ።

4. አንድ አንቀጽ ብቻ መልሳችሁ ጻፉ። ሙሉውን አትድገሙ፤ ያደክማል፣ ትምህርቱም ያው ነው።

ወላጆች ምን ያድርጉ

እናትና አባት የእንግሊዝ ታሪክ ባያውቁም ይረዳሉ። ልጁ ስለ ስኖው ፓምፕ በአማርኛ ያስረዳችሁ። እናንተ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ለምን?" እና "ታዲያ ምን ሆነ?" ልጁ "እማዬ፣ አልገባሽም" ብሎ ከተበሳጨ በርቱ። ያልገባው እሱ መሆኑን ያኔ ነው የሚያውቀው። የአማርኛ ቃል ካጠረው በእንግሊዝኛ ይሙላው፣ ችግር የለም።

ነገሩ ሲበላሽ

ሰዓት አለቀብኝ። ያላለቀውን ነጥብ በአጭር መስመሮች ጻፉት። ባዶ ከመተው ይሻላል። በሚቀጥለው ልምምድ ሰዓት ቆጣሪውን በጥያቄው አጋማሽ ላይ አንድ ጊዜ እንዲጮህ አድርጉት።

እንግሊዝኛዬ ገና ነው። አዲስ የመጣችሁ ከሆነ የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ይዛችሁ የታሪክ ፈተና የመግባት ዕድል ሊኖራችሁ ይችላል። ቃል በቃል የሚተረጉም እንጂ ማብራሪያ ያለው መሆን የለበትም፤ በክፍልም ስትጠቀሙበት የቆያችሁት መሆን አለበት። ትምህርት ቤቱን አሁኑኑ ጠይቁ። የፈተናው ሳምንት ሲደርስ ጊዜው አልፏል።

እጄ ቀርፋፋ ነው። ሐኪም ወይም መምህር የሚያውቀው ችግር ካለ ተጨማሪ ሰዓት ወይም በኮምፒውተር መጻፍ ይፈቀድ እንደሆነ በጊዜ ጠይቁ። ችግሩ ልምድ ማጣት ከሆነ በየቀኑ አንድ አንቀጽ በእጃችሁ ጻፉ። በስልክ መተየብ አይቆጠርም።

ነጥቤ አልንቀሳቀስ አለ። ሦስት መልስ በተከታታይ አንድ ሌቭል ላይ ከቆመ አዲስ ጥያቄ መሥራት አቁሙ። የደረጃ 4ን አራት መስመሮች ይዛችሁ ወደ አሮጌ መልሶቻችሁ ተመለሱ። በየአንቀጹ የትኛው መስመር እንደጠፋ ምልክት አድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ሦስተኛው ነው።

ፈተናው ላይ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። እስክሪብቶውን አስቀምጡ። ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ። ጥያቄው ላይ የትእዛዙን ቃል ክበቡ፣ ዓመቱን በሳጥን አስገቡ። ከዚያ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ከርዕሱ የምታስታውሱትን አንድ ስም ብቻ ጻፉ። ስኖው፣ ኦኮነር፣ ማንም ይሁን። ከስሙ ጎን "ለምን?" ብላችሁ ጻፉ፣ እና መልሱን ከዚያ ጀምሩ።